ቪላኑ ደግሞ መጣ! በክሮስኦቨር ለሰለቸ አንባቢ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሰላም። ኮሚክስ ማንበብ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የገባሁበት በፊልሞቹ ነው። ለሁለቱ ትልልቅ የኮሚክስ አሳታሚዎች፣ ለማርቭልም ለዲሲም፣ አፕ በየወሩ እከፍላለሁ። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን የክሮስኦቨር ቅደም ተከተል ይዤ ከ1980ዎቹ ጀምሬ እየወረድኩ ነው። መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ አልነበረኝም። አሁን ግን የማርቭሉ ታኖስ ብቅ ሲል ‹ደግሞ አንተ?› እላለሁ። የባትማን ጠላት ጆከርማ ስሙን ሳይ ስልኩን አስቀምጣለሁ። የስፓይደርማን ጠላት ኖርማን ኦዝቦርን (ግሪን ጎብሊን) ስንት ጊዜ ነው የሚሞተው? ችግሩ እኔ ጋ ነው ወይስ እነሱ ጋ? ልተወው ወይስ ሌላ አነባበብ አለ? አንድ ትንሽ ጥያቄም አለችኝ፦ የአጎቴ ልጅ የ1991ዱን ‹ኤክስ-ሜን› ቁጥር 1 ሰጥቶኛል። ብሸጠው ያዋጣል?» ከቨርጂኒያ

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ችግሩ ሁለታችሁም ጋ አለ። የእነሱን እኔና አንተ አናስተካክለውም። የአንተን ግን በዚህ ሳምንት ማስተካከል ይቻላል። ስለዚህ ከአንተ ልጀምር፣ እንዳትቀየመኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ኮሚክሶቹ ላይ የታተመው እሱ ነው።

አንደኛው ጥፋተኛ የያዝከው ቅደም ተከተል ነው። ክሮስኦቨር ማለት በየራሳቸው መጽሔት የሚኖሩ ጀግኖች አንድ ታሪክ ውስጥ የሚገናኙበት ነው። ሁሉም የሚጠሩት ደግሞ ዓለም ልትጠፋ ስትል ብቻ ነው። ለአንድ ባንክ ዘራፊ ሠላሳ ጀግና አይሰበሰብም። ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው ሳያስበው የመረጠልህ ትልልቆቹ ባላንጣዎች (ቪላኖች) የሚመጡባቸውን ቀናት ብቻ ነው። ስፓይደርማን የሚሆነው ፒተር ፓርከር የቤት ኪራይ የሚያጣባቸውን፣ ኤክስ-ሜኖች ግቢያቸው ውስጥ ቤዝቦል የሚጫወቱባቸውን እትሞች ሁሉ ዘሎልሃል። ዶሮ ወጥ የሚጣፍጠው በዓል ጠብቆ ስለሚመጣም ጭምር ነው። አንተ ሦስት ዓመት ሙሉ ቁርስም ምሳም እራትም ዶሮ ወጥ በልተህ «ምነው አስጠላኝ?» ትላለህ።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ለእኔ ዋናው እሱ ነው።

ታኖስን ውሰድ። ደራሲና ሠዓሊው ጂም ስታርሊን ታኖስን በ1973 «አይረን ማን» ቁጥር 55 ላይ አስተዋወቀን። በ1977 ራሱ ስታርሊን ገደለው፤ ድንጋይ አድርጎ አቆመው። ከዚያ ዝም። በ«ሲልቨር ሰርፈር» ቁጥር 34 ላይ የተመለሰው በ1990 ነው። የመለሰውም ያው ስታርሊን ነው። መሀል ላይ 13 ዓመት አለ። የታኖስን ሞት በ12 ዓመቱ ያነበበ ልጅ መመለሱን ሲያነብ 25 ሞልቶታል። ሥራ ይዟል፣ ምናልባትም አግብቷል። ያ ሰው «ደግሞ አንተ?» አላለም። «እንዴ! ይሄ ሰውዬ ሞቶ አልነበር?» ነው ያለው። አንተ ያንን 13 ዓመት ስክሪኑን በጣትህ አንዴ ገፋ አድርገህ አለፍከው።

ኦዝቦርን ስንት ጊዜ ነው የሚሞተው ላልከኝ፣ ክብደት ያለው ሞቱ አንድ ነው። በ1973 «አሜዚንግ ስፓይደርማን» ቁጥር 121 ላይ የፒተርን ፍቅረኛ ግዌን ስቴሲን ገደለ። በቁጥር 122 ራሱ ሞተ። የተመለሰው በ1996 ነው። 23 ዓመት! በነዚያ ዓመታት የግሪን ጎብሊንን ጭንብል ልጁ ሃሪ አጠለቀው። በ1983 ደግሞ ደራሲው ሮጀር ስተርን የሞተውን ከመቀስቀስ አዲስ መፍጠር ይሻላል ብሎ ሆብጎብሊንን አመጣ። የሆብጎብሊን ማንነት አንባቢን ለዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። አየህ፣ ሟቹ ቦታውን ሲለቅ ለሌላው ይተርፋል። አንተ ከአንዱ ክሮስኦቨር ወደ ሌላው ስትዘል ያ ባዶ ቦታ አይታይህም። የሚታይህ ሰውዬው ሲሞትና ሲነሳ፣ ሲሞትና ሲነሳ ብቻ ነው።

እንግዲህ የአንተ ጥፋት ይሄው ነው። ወደ እነሱ እንምጣ።

ልጆች ሆነን ቪዲዮ ቤት ገብተን ፊልም ስናይ «አክተር አይሞትም» እንል ነበር። የአሜሪካ ኮሚክስ ውስጥ ወንበዴውም አይሞትም። አመሉ ዛሬ የመጣ አይደለም። ጆከር የተወለደው በ1940 በ«ባትማን» ቁጥር 1 ነው። በዚያው እትም መጨረሻ ላይ በራሱ ጩቤ ተወግቶ እንዲሞት ነበር የታሰበው። አዘጋጁ ዊትኒ ኤልስዎርዝ ግን እንዲህ ያለ ገጸ ባህሪ አይጣልም አለ። በጥድፊያ አንድ ሥዕል ተጨመረ። ሐኪሙ ሰውዬው አልሞተም፣ ይተርፋል ይላል። ጆከር መሞት የተከለከለው ገና በተወለደበት እትም ነው።

በ1954 ደግሞ አሳታሚዎቹ የወላጆችንና የፖለቲከኞችን ቁጣ ለማብረድ የራሳቸውን የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። ወንጀለኛ በታሪኩ መጨረሻ መቀጣት አለበት ተባለ። ወንጀለኛው ግን መጽሔቱን ይሸጣል፤ ስለዚህ ይታሰራል፣ ያመልጣል፣ እንደገና ይታሰራል። በዚያ ዘመን ጆከር ሰው የማይገድል፣ በኬክና በፊኛ የሚቀልድ ሰውዬ ሆኖ ቀረ። ከ1969 እስከ 1973 አራት ዓመት ገደማ ጭራሽ ጠፋ። በ1973 ደራሲው ዴኒ ኦኒልና ሠዓሊው ኒል አዳምስ በ«ባትማን» ቁጥር 251 ነፍሰ ገዳይ አድርገው መለሱት። ዛሬ የምናውቀው ጆከር የዚያ እትም ልጅ ነው። ልብ በል፣ እሱንም ያዳነው አራት ዓመት ማረፉ ነው።

አሁን ለምን አያርፉም? የገንዘቡን ነገር ልንገርህ፤ ከባንኮኒው ጀርባ የማየው ስለሆነ። የምሠራው ኮሚክስ ሱቅ ውስጥ ነው። የወሩን ትዕዛዝ የምሞላውም እኔ ነኝ። አንድ እትም ከመውጣቱ ሁለት ወር ገደማ በፊት ስንት ቅጂ እንደምንፈልግ እንናገራለን። ማንም ገና አላነበበውም። እጃችን ላይ ያለው የሽፋኑ ሥዕል፣ የደራሲው ስምና አንድ አንቀጽ ማስታወቂያ ነው። ያልተሸጠውን ባብዛኛው መመለስ አይቻልም፤ መደርደሪያ ላይ ከቀረ ኪሳራው የሱቁ ነው። ሽፋኑ ላይ ማንም የማያውቀው አዲስ ቪላን ካለ አምስት ቅጂ ይበቃኛል እላለሁ። ጆከር ካለበት ሠላሳ። በየከተማው ያለ ባለሱቅ እንደዚሁ ነው የሚያሰላው። አሳታሚውም ይሄን ያውቃል። የጆከር ፊት ሽፋን ላይ የሚወጣው የአንተን ልብ ለመስበር ሳይሆን የእኔን የትዕዛዝ ፎርም ለመሙላት ነው።

ሌላው ምክንያት ብዙ አንባቢ የማያስበው ነው። ማርቭልም ዲሲም ውስጥ የተፈጠረ ገጸ ባህሪ ባለቤቱ ኩባንያው ነው። ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር በ1938 መብቱን የሸጡት በ130 ዶላር ነበር። ዛሬ ሁኔታው እንደዚያ የከፋ አይደለም፤ አንዳንድ ውል ድርሻ ይሰጣል። ግን ስታርሊን በ2017 በአደባባይ የተናገረውን ስማ። ለዲሲ የፈጠረው አናቶሊ ክኒያዜቭ የሚባል ትንሽ ገጸ ባህሪ በአንድ የባትማንና የሱፐርማን ፊልም ውስጥ ገብቶ ነበር። ለእሱ የተከፈለው ቼክ ማርቭል እሱ ለፈጠራቸው ለታኖስ፣ ለጋሞራና ለድራክስ አንድ ላይ ከከፈለው ይበልጣል አለ። ታኖስ እኮ ነው! እንግዲህ አንተ ደራሲ ብትሆን፣ አንድ ሌሊት አስደናቂ አዲስ ቪላን ሐሳብ ቢመጣልህ፣ ለማን ትሰጠዋለህ? ለራስህ ታስቀምጠዋለህ። በ1992 ቶድ ማክፋርሌንና ጂም ሊን ጨምሮ የዘመኑ ስመ ጥር ሠዓሊዎች ከማርቭል ወጥተው ኢሜጅ የተባለውን አሳታሚ የመሠረቱት ለዚሁ ነው። ለኩባንያው የሚቀርለት የድሮውን አሻንጉሊት አቧራውን አራግፎ መጫወት ነው።

አሻንጉሊት ስል ቀልድ እንዳይመስልህ። ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ የማርቭል ክሮስኦቨሮች አንዱ፣ የ1984ቱ «ሲክሬት ዋርስ»፣ ማቴል የሚባለው አሻንጉሊት አምራች ለሚሸጣቸው አሻንጉሊቶች አጃቢ ታሪክ ስለፈለገ ነው የተጻፈው። የጻፈው ጂም ሹተር እንደተናገረው ከሆነ ርዕሱ ራሱ የተመረጠው ልጆች «ሲክሬት» እና «ዋርስ» የሚሉትን ቃላት እንደሚወዱ ማቴል በጥናት ስላወቀ ነው። 12 እትም ሙሉ ጀግና በአንድ ወገን፣ ቪላን በሌላ ወገን ተሰልፎ ይደባደባል። ያም ሆኖ ውስጡ አንድ እውነተኛ ገጸ ባህሪ አለ፤ የፋንታስቲክ ፎር ጠላት ዶክተር ዱም። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ፊልሙም የራሱን ግፊት ይጨምራል። በ2012 የ«አቬንጀርስ» ፊልም መጨረሻ ላይ ታኖስ ፈገግ ብሎ ታየ። በ2013 የማርቭል ትልቁ ክሮስኦቨር «ኢንፊኒቲ» ሆነ፣ ባላንጣው ታኖስ። በ2016 «ሲቪል ዋር 2» ሲጀምር ማን መጣ? ታኖስ። ፊልሙን አይቶ ሱቅ ለሚገባ ሰው ሽፋኑ ላይ የሚያውቀው ፊት እንዲጠብቀው ይፈለጋል። አንተም በዚያ በር ነው የገባኸው፣ አትርሳ።

ይሄ ሁሉ እያለም መመለሳቸው ብቻውን አያሰለችም ብዬ እከራከራለሁ። የሚያሰለቸው በነፃ ሲመለሱ ነው። ሰውዬው መጣ፣ ከተማ አፈረሰ፣ ሄደ። በማግስቱ ሁሉም ነገር እንደነበረ ነው። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ እንደዚያ ሲሆን አንባቢ ልቡን ያነሳል።

በ1988 ጆከር ሁለት ነገር አደረገ። «ዘ ኪሊንግ ጆክ» ውስጥ ባትገርል የነበረችውን ባርባራ ጎርደንን በጥይት መታት። በዚያው ዓመት ደግሞ የባትማንን ረዳት፣ ሁለተኛውን ሮቢን ጄሰን ቶድን ገደለው። የጄሰንን ሞት የወሰነው አንባቢ ነበር፤ ዲሲ በስልክ ድምፅ አሰጠ፣ አንዱ ጥሪ 50 ሳንቲም። 5,343 «ይሙት» አለ፣ 5,271 «ይኑር» አለ። በ72 ድምፅ ልዩነት ልጁ ሞተ። (በዚያው ታሪክ መጨረሻ ጆከር በተባበሩት መንግሥታት የኢራን አምባሳደር ሆኖ ይሾማል። አልቀለድኩም፣ ሄደህ አንብበው።)

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከት። ባርባራ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ቀረች። ደራሲዎቹ ጆን ኦስትራንደርና ኪም ዬል «ኦራክል» የሚል አዲስ ስም ሰጧት፤ በኮምፒውተር የሁሉም ጀግኖች ዓይንና ጆሮ ሆነች። እስከ 2011 በዚያው ቆየች። የጄሰን ልብስ በባትማን ዋሻ ውስጥ በመስታወት ሣጥን ተሰቅሎ ኖረ። በነዚያ ዓመታት ጆከር በመጣ ቁጥር ገጹ ላይ ያ ወንበርና ያ ሣጥን አብረው ነበሩ። መምጣቱ ዋጋ ነበረው። አንባቢው ማን እንደሚጎዳ አያውቅም ነበር፤ ከዚህ በፊት በእውነት የተጎዳ ሰው አይቷላ።

ጄሰን በ2005 ተመለሰ። በዚያው ዓመት የካፒቴን አሜሪካ ወዳጅ ባኪም ተመለሰ። አንባቢዎች «እነዚህ ሁለቱና የስፓይደርማን አጎት ቤን ብቻ ናቸው ሞተው የሚቀሩት» እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ ቀልዱ በአንድ ዓመት ውስጥ አለቀ። በ2011 ዲሲ ሁሉንም እንደገና ሲጀምር ባርባራ ቆማ ሄደች። ከዚያ ጆከር ምን ቀረው? በ2012 የፊቱን ቆዳ አስቆርጦ መጣ። በ2014 ከተማውን በሙሉ መረዘ፣ መጨረሻ ላይ ከባትማን ጋር አብሮ የሞተ መሰለ። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም ተመለሱ። በ2017 ባትማንና ጆከር በአንድ አካል የተቀላቀሉበት ቪላን ተፈጠረ። በ2020 «ጆከር ዋር» እና «ስሪ ጆከርስ» በአንድ ዓመት ወጡ፤ አንዱ አልበቃ ብሎ ሦስት ጆከር። በ2021 የራሱ ተከታታይ ተሰጠው። አንዳንዶቹ በደንብ የተጻፉ ናቸው። ግን ድምፁን ከፍ ከማድረግ ሌላ መንገድ የጠፋበት ሰው ይመስላል። ጆከርን ስታይ ስልኩን የምታስቀምጠው ወድደህ አይደለም።

ከዚህ በተቃራኒ ያለው የኤክስ-ሜን ጠላት ማግኔቶ ነው። በ1963 በ«ኤክስ-ሜን» ቁጥር 1 ሲመጣ ተራ ፎካሪ ነበር። «እኛ የበላይ ነን፣ ተገዙልን» ይላል፣ ይሸነፋል፣ ይሸሻል። ደራሲው ክሪስ ክሌርሞንት መጽሔቱን በ1975 ያዘው። ለ16 ዓመት ጻፈው። በ1981 በቁጥር 150 ማግኔቶ በውጊያ መሀል ከኤክስ-ሜን አንዷን፣ ኪቲ ፕራይድን ይመታታል። ስትወድቅ ልጅ መሆኗን ያያል። እሱ ራሱ በልጅነቱ ከአውሽዊትዝ የተረፈ ነው። ቆመ። ከዚያ በኋላ ያው ሰውዬ አልሆነም። በ1985 በቁጥር 200 ፓሪስ ላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። የኤክስ-ሜን መሥራች ዣቪየር ሲሄድ ትምህርት ቤቱን ተረከበ፣ የጠላቶቹን ተማሪዎች አስተማረ። መጣ ሲባል አንባቢው የሚጠይቀው «ዛሬ ማን ሆኖ መጣ?» ነበር። ይሄን ጥያቄ የሚያስነሳ ቪላን ሃምሳ ጊዜ ቢመለስ አይሰለችም።

የታኖስንም በዚህ ዓይን እንደገና እይልኝ። የ1991ዱ «ኢንፊኒቲ ጎንትሌት» 6 እትም ብቻ ነው። ገና በመጀመሪያው እትም ታኖስ የዓለማትን ሕያው ሁሉ ግማሽ በጣቱ ያጠፋል። ፊልሙን ስላየህ አልደነገጥክም ይሆናል። ትልቁ ነገር ግን እሱ አይደለም። ተቃዋሚው ጀግና አዳም ዋርሎክ ለታኖስ የሚነግረው አንድ ነገር አለ፦ ሁልጊዜ የምትሸነፈው ውስጥህ ለዚህ ሥልጣን እንደማትበቃ ስለሚያውቅ ነው፣ መሸነፊያህን ራስህ ነው የምታዘጋጀው። ስታርሊን የቪላን መደጋገም የሚባለውን ችግር የሰውዬው ሕመም አደረገው። መጨረሻ ላይ ታኖስ ሁሉም ሞቷል ሲሉት አንዲት ሩቅ ፕላኔት ላይ ገበሬ ሆኖ ይታያል። ሞፈርና ቀንበር ነው የቀረው። እዚያ ላይ ቢያቆሙት ምናለ! በማግስቱ፣ በ1992 «ኢንፊኒቲ ዋር»፣ በ1993 «ኢንፊኒቲ ክሩሴድ» መጣ። እነሱንም ስታርሊን ነው የጻፋቸው፤ ግን ሁለቱን ባታነባቸው ምንም አይቀርብህም።

ዱም ደግሞ የጥበቡ ጥግ ነው። በ1962 የተፈጠረ አሮጌ ቪላን ነው። በ1984ቱ «ሲክሬት ዋርስ» መጨረሻ አካባቢ የሁሉን ቻይ ፍጡር ኃይል ይቀማል፣ ሊይዘው ግን አልቻለም። ከ30 ዓመት በኋላ ደራሲው ጆናታን ሂክማን ያንን ክር አነሳ። ከ2009 ጀምሮ በ«ፋንታስቲክ ፎር»፣ ከዚያ በ«አቬንጀርስ» እየጎተተው መጥቶ በ2015 አዲስ «ሲክሬት ዋርስ» ጻፈ። ዓለማት ሁሉ ጠፍተዋል። የተረፈውን ፍርስራሽ ሰብስቦ ያዳነው ዱም ነው። አምላክ ሆኗል። የጥንት ባላንጣውን፣ የፋንታስቲክ ፎር መሪ የሪድ ሪቻርድስን ሚስትና ልጆች የራሱ አድርጓል። እና አልረካም። መጨረሻ ላይ ሪድ ይሄን ኃይል ቢይዝ ከእኔ የተሻለ ይሠራበት ነበር ብሎ ራሱ ያምናል። ከ1962 ጀምሮ ያልወጣው ቃል ነው። ክሮስኦቨር ሲሳካ እንደዚህ ነው፤ ዘጠኝ እትም ውስጥ የሃምሳ ዓመት ቂም ይፈታል።

«ቪላን የሌለበት ክሮስኦቨርስ?» ብለህ ይሆናል። ተሞክሯል። የ2006ቱ «ሲቪል ዋር» ጀግኖቹን ለሁለት ከፍሎ አፋጃቸው። 7 እትም፣ ጥሩ ሐሳብ፣ ጥሩ ሽያጭ። ስለሸጠ በ2012 አቬንጀርስና ኤክስ-ሜን ተደባደቡ፣ በ2016 «ሲቪል ዋር 2» መጣ። አሁን ካፒቴን አሜሪካና አይረን ማን ሲኮራረፉ ማየትም ራሱን የቻለ መሰልቸት ሆኗል።

እና ምን ታድርግ? መጀመሪያ ዝርዝሩን ጣለው። አትቀንሰው፣ ጣለው። ክሮስኦቨር ካነበብክ ዋናውን ተከታታይ ብቻ አንብብ። ታይ-ኢን የሚባሉትን ተቀጥላ እትሞች ደራሲውን የምትወደው ካልሆነ በቀር አትንካቸው። ብዙዎቹ በየመጽሔቱ የራሱን ታሪክ ሲጽፍ የነበረ ደራሲ «በዚህ ወር ትልቁን ቪላን አስገባ» ተብሎ የጻፋቸው ናቸው። ሲነበቡም ያስታውቃሉ።

ከዚያ በደራሲ አንብብ። አንድ ደራሲ አንድን ባላንጣ ለዓመታት ሲይዘው ታሪክ ይሆናል። የክሌርሞንትን ኤክስ-ሜን በወር ስድስት ሰባት እትም እያልክ ውሰደው። ተከታትለህ አትዋጠው፤ መሀል ላይ ሌላ ነገር አንብብ። የሂክማንን «ፋንታስቲክ ፎር» ከቁጥር 570 ጀምረህ እስከ «ሲክሬት ዋርስ» ሂድ። ረጅም ነው፣ ግን ዱም ሲደርስ የጠበቅከው ይሆናል።

ታላላቆቹን ቪላኖች ጨርሶ ማየት ካስጠላህ ደግሞ ወደ ትንንሾቹ ውረድ። የኦስትራንደር «ሱይሳይድ ስኳድ» በ1987 ይጀምራል። የሦስተኛ ደረጃ ወንበዴዎች ቅጣት እንዲቀነስላቸው ለመንግሥት ይሠራሉ። ማንም ስለማይፈልጋቸው እዚያ ሞት የምር ነው። ኒክ ስፔንሰርና ስቲቭ ሊበር የሠሩት «ዘ ሱፒሪየር ፎስ ኦቭ ስፓይደርማን» 17 እትም ነው፤ አምስት የማይረቡ ሌቦች እርስ በርስ ሲካካዱ። ስፓይደርማን ራሱ የለበትም ማለት ይቻላል። በእኔ ግምት ባለፉት አሥራ ምናምን ዓመታት ማርቭል ካወጣቸው ሁሉ የሚያስቀው እሱ ነው። የጄምስ ሮቢንሰን «ስታርማን» ውስጥ ደግሞ ሼድ የሚባለውን ፈልገው። በ1940ዎቹ ለፍላሽ የተፈጠረ ተራ ሌባ ነበር። ሮቢንሰን ዘመን የቆጠረ፣ ከተማውን የሚወድ፣ ሻይ የሚጠጣ ጨዋ ሰው አደረገው።

መጨረሻ ያለው ነገር ከፈለግክ ከሁለቱ ኩባንያዎች ውጣ። «ኢንቪንሲብል» በ2003 ጀምሮ በ2018 በቁጥር 144 አለቀ። እዚያ የሚሞት ይሞታል፣ የሚለወጥ ባላንጣም ይለወጣል፣ ደራሲው ባለቤቱ ስለሆነ ማንም «መልሰው» አይለውም። ለዚህ ሁሉ አዲስ ገንዘብ አታውጣ። የሁለቱን አፕ ክፍያ ለተወሰኑ ወራት አቋርጠህ በአቅራቢያህ ወዳለው የሕዝብ ላይብረሪ ግባ። የዘረዘርኩልህ ብዙዎቹ በጥራዝ መልክ እዚያ ይገኛሉ፣ ከሌሉም ከሌላ ቅርንጫፍ ያስመጡልሃል። ላይብረሪ ሌላም ጥቅም አለው፤ ቀጣዩ ጥራዝ ሰው እጅ ከሆነ ትጠብቃለህ። መጠበቅ ነው የጎደለህ።

ብትተወውስ? ተወው። ኮሚክስ የቤት ሥራ አይደለም። ሱቃችን ከሚመጡት ውስጥ አምስት ዓመት ጠፍተው የተመለሱ አሉ። ምንም አላመለጣቸውም፤ ማን እንደሞተ በሁለት ደቂቃ ነገርኳቸው፣ እስከዚያ ግማሾቹ ሟቾች ተመልሰው ነበር።

ስለ «ኤክስ-ሜን» ቁጥር 1፣ አትሽጠው። ከ8 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ታትሟል፤ በነጠላ እትም ሽያጭ የጊነስን ክብረ ወሰን የያዘው እሱ ነው። በአምስት የተለያየ ሽፋን ስለወጣ ብዙ ሰው አምስቱንም ገዝቶ ፕላስቲክ ውስጥ አሽጎ አስቀመጠ። ሁሉም «አንድ ቀን ያበለጽገኛል» ብሎ ያስቀመጠው ነገር ማንንም አያበለጽግም። የአንተ ቅጂ ምሳ ቢገዛልህ ጥሩ ነው። ይልቅ ፕላስቲኩን ቅደደውና አንብበው። ባላንጣው ማግኔቶ ነው። ቁጥር 2ና 3ን ፈልገህ ጨምርበት፤ እነሱም ርካሽ ናቸው። ሦስቱ እትሞች የክሌርሞንት የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ከ16 ዓመት ሥራው ለቀቀ። ቁጥር 3 ላይ ማግኔቶ የሞተ ይመስላል። በ1993 ተመልሷል፣ አትደነቅ። አንተ ግን ቁጥር 3 ላይ አቁም።